የማዙ ቤት ሦስት ሳጥኖች

ጻይ ጂንሹ ሞተር ብስክሌቱን ዓሣ ገበያ ረስቶ በእግሩ ቤቱ የገባው አንድ ቀን ብቻ ነው። አንድ ቀን! ግን ወሬ እግር አያጣምና ከዩንሊን የባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ታይፔ ድረስ ሄደና የልጁ የወንቢን ጆሮ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ምንም ቢያደርግ ስሙ መርሳት ሆነ። ማንቆርቆሪያውን እሳት ላይ ትቶ ከጎረቤት ጋር ወሬ ቢይዝ፣ መርሳት። የጎረቤቱን ልጅ በአባቱ ስም ቢጠራ፣ መርሳት። ያ የጎረቤት ልጅ ቁርጥ አባቱን መሆኑን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም።

ወንቢን ታይፔ ውስጥ መድኃኒት ቤት አለው። ለባሕሯ አምላክ ለእናት ማዙ የልደት በዓል ሲመጣ ሁለት ሻንጣ ይዞ መጣ። አንደኛው ውስጥ የራሱ ልብስና ለማስታወስ ይረዳል የተባለ ክኒን ነበር። ሁለተኛው ባዶ ነው። ጂንሹ ባዶ ሻንጣ ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ክኒን አላስፈለገውም።

«ዘጠነኛ ፎቅ ነው አባ። ሊፍት አለው። ከመስኮቱ ወንዝ ይታያል።»

«ወንዝ ምን ይሠራልኛል? ባሕር እያለኝ።»

«እዚህ ብቻህን ነህ እኮ።»

«ማን ነው ብቻውን? ማዙ አለች፤ ገበያ ውስጥ የሚሳደቡ ሴቶች አሉ፤ ሦስቱ ሳጥኖቼ አሉ።»

ሦስቱ ሳጥኖች የቤተ መቅደሱ የኔትወርክ ስዊቾች ናቸው። ጂንሹ ዕድሜውን በሙሉ የስልክ ምሰሶ ሲወጣ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ጡረታ በወጣ ማግስት የማዙ ቤት ገመዶች ሁሉ በእሱ እጅ ወደቁ። ካሜራው፣ ድምፅ ማጉያው፣ በዓሉን ከተማ ለገቡት ልጆች የሚያሳየው ስርጭት፣ ሁሉም በሦስቱ ሳጥኖች ውስጥ ያልፋል። አንዱ በትልቁ አዳራሽ፣ አንዱ በከበሮው ማማ፣ አንዱ በማእድ ቤት ነው። የለጋሾች እጅ በተለያየ ዘመን እንደተፈታ በተለያየ ዘመን የተገዙ ናቸውና ጠባያቸውም ለየቅል ነው። የማእድ ቤቱ በይለፍ ቃል ውስጥ ከፊደልና ከቁጥር በቀር ሌላ ምልክት ካየ ያኮርፋል። የማማው ቃሉ በቁጥር ከጀመረ አይቀበልም። የአዳራሹ ደግሞ አዲስ ቃል ሲመዘግቡለት ቁጥር ከሌለበት እሺ አይልም። ለሦስቱ የሚስማማ አንድ ቃል ማግኘት ሦስት ምራቶችን በአንድ ምድጃ እንደ ማስማማት ነበር። ጂንሹ ግን አገኘው። ካገኘው በኋላም እንደ ወጉ ማዙ ፊት ተንበርክኮ፣ ቃሉን በልቡ እየነገራት ሁለቱን የጨረቃ ቅርጽ ያላቸውን እንጨቶች ጣለ። አንዱ በሆዱ፣ አንዱ በጀርባው አረፈ። ይህ እሺታ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃሉን የሚያውቁት እሱና ማዙ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ወር ሳጥኖቹን የሚጠግነው ድርጅት አንድ ጥድፊያ የበዛበት ጎረምሳ ልኮ ነበር። ጂንሹ ቃሉን ራሱ ጽፎ ከፈተለትና ምሳውን ሊበላ ሄደ። ጎረምሳውም የአዳራሹንና የማማውን ሳጥን የውስጥ ሶፍትዌር አደሰ። የማእድ ቤቱ አዲስ ሶፍትዌር የማይሠራለት አሮጌ ስለሆነ እንዳለ ተወውና ጂንሹ ከምሳ ሳይመለስ በመኪናው ተፈተለከ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሳጥኖቹን የከፈተ የለም።

የበዓሉ ዋዜማ ጠዋት ያው ድርጅት ሲዩን የምትባል ሌላ ባለሙያ ላከ። ይህቺኛዋ አትቸኩልም፤ ሻይ ሲሰጧት እስከ መጨረሻው የምትጠጣ ልጅ ናት። የመጣችው በሰልፍ የሚዞረውን የማዙን ምስል ወደ ቤቱ መመለስ የሚያሳይ አዲስ ካሜራ ለመትከል ነው። ለዚያ ደግሞ የአዳራሹ ሳጥን መከፈት አለበት። የቤተ መቅደሱ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ሊያው እጁን ከጀርባው አጣምሮ ቆሟል። ወንቢንም አባቱን ተከትሎ መጥቷል፤ መቼስ ሰሞኑን አባቱን ሳይከተል የሚውልበት ሰዓት የለም።

«ፊታችሁን አዙሩ» አለ ጂንሹ።

ሁሉም ፊታቸውን አዞሩ። በሲዩን ኮምፒውተር ላይ በአንድ ጣቱ፣ እንደ ጫጩት እየለቀመ ጻፈ። ሳጥኑ አልከፈትም አለ።

«ጣትህ ወፍሮ ነው» አለ ሊያው፣ ጀርባውን እንደሰጠ።

ጂንሹ መነጽሩን ጠረገና ደግሞ ጻፈ። እምቢ። ሦስተኛውን እያንዳንዱን ፊደል በከንፈሩ እየቆጠረ ጻፈ። እምቢ ብቻ ሳይሆን ሳጥኑ ጭራሽ ራሱን ቆለፈ።

«አሁን ትንሽ መጠበቅ አለብን» አለች ሲዩን። «ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱ ሌባ ነው ብሎ ያስባል።»

«አሥራ አንድ ዓመት ያበላሁት ሳጥን ሌባ አለኝ!» አለ ጂንሹ። ሊያው ሳቀ፤ ጂንሹ ግን ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ቃሉ እንደ መዳፉ መስመር የሚያውቀው ነው። ነው ወይስ ነበር? እጁን አየው። ሞተር ብስክሌቱ ትዝ አለው፤ ማንቆርቆሪያው ትዝ አለው። ፈራ። ሽማግሌ ሰው የሚፈራውን ዓይነት ፍርሃት ፈራ፤ ሌባ ቤት ገብቶ ምን እንደወሰደ ሳያውቁ ባዶ ኪስን እንደ መዳበስ ያለ።

ወንቢን ከሚያሾፍ ድምፅ ይልቅ የሚያስፈራውን ለስላሳ ድምፅ አወጣ። «አባ፣ ምንም አይደለም። በዕድሜ የሚመጣ ነው።»

«በዕድሜ የሚመጣው ሪህ ነው! ቃሉ ይህ ነው አልኩህ።»

«ታዲያ ለምን አልከፈተም?»

እልህ ምላስን ይቀድማል። ጂንሹ በሰው ሁሉ ፊት ጣቱን ቀሰረ። «ስማኝ። ይህን ሳጥን ዛሬ በራሴ ቃል ካልከፈትኩት በዓሉ ሲያልቅ ያን ባዶ ሻንጣህን እሞላልሃለሁ። ከከፈትኩት ግን ስለ ፎቅህም ስለ ወንዝህም ሁለተኛ እንዳትነግረኝ።»

«ተስማማን» አለ ወንቢን። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ጂንሹም ያንን አይቶ ይበልጥ ተናደደ። በልጁ ደስታ ቢናደድ ይቀለው ነበር።

ሲዩን መላ አመጣች። ከሳጥኑ ጀርባ በመርፌ የምትጫን አንዲት ቀዳዳ አለች፤ ከተጫነች ሳጥኑ ሁሉን ነገር ይረሳና እንደ አዲስ ይጀምራል። ችግሩ የትኛው ገመድ የማን እንደሆነ የተሠራው ሥርዓት ሁሉ አብሮ መጥፋቱ ነው። ሊያው ይህን ያህል ነገር በራሱ ሥልጣን የሚወስን ሰው አይደለም። ጫማውን አውልቆ ማዙ ፊት ተንበረከከና ጠየቀ፤ እንጨቶቹን ጣለ። ሁለቱም በሆዳቸው ተደፉ። አይሆንም። ጥያቄውን አሳምሮ ደገመው። አይሆንም። «ጊዜ የለንም እኮ እናቴ» ብሎ ለመነ። አይሆንም።

«አለቀ» አለና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ። «መርፌሽን ወደ ኪስሽ መልሺ።»

ሲዩን ትከሻዋን ነቀነቀች። በዚህ ደሴት ላይ ማሽን የሚጠግን ሰው አማልክት የሚሉትን ሰምቶ ነው የሚሠራው፤ ከእሷ ድርጅትም ሆነ ከሌላው ቢመጣ ያው ነው።

ጂንሹ ተራውን ተንበረከከ። ስለ ሳጥኑ አልጠየቀም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናት ማዙ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ጭንቅላቴ አልቋል ወይ?» አለና ጣለ። ሁለቱም እንጨቶች በጀርባቸው ተንጋለው ሆዳቸውን ወደ ጣሪያው ሰጡ። ይህ የአምላክ ሳቅ ነው። ደግሞ ጣለ፤ ደግማ ሳቀች። ሦስተኛም ሳቀች።

«እሷም ትስቅብኛለች» ብሎ አኩርፎ ተነሣ።

«ጥያቄህ የሚያስቅ ሆኖባት ይሆናላ» አለ ሊያው።

«ማእድ ቤትም ሳጥን አለ አላላችሁም?» አለች ሲዩን። «ይኼ ተቆልፎ እስኪፈታ ድረስ ለምን እሱን አንሞክርም?»

ማእድ ቤቱ የጦር ሜዳ መስሏል። አክስት ባውጁ ለምዕመናኑ የሚበቃ ኑድል በሁለት እጇ እያማሰለች፣ በአፏ ደግሞ ሽንኩርት የሚከትፉትን ሴቶች ትመራለች። ሳጥኑ ከሩዝ ጆንያዎቹ በላይ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ በዘይት ጭስ ጠቁሯል። ሲዩን ኮምፒውተሯን ጆንያ ላይ አስቀምጣ ገመዱን ሰካች።

«ፊታችሁን አዙሩ» አለ ጂንሹ።

«እኔ ፊቴን ካዞርኩ ኑድሉ ያራል» አለች ባውጁ። «የአንተን ምስጢር ማን ይፈልገዋል፣ አንተ ሽማግሌ? ይልቅ ጥግህን ያዝ፣ ላልፍ ነው!» ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ተሸክማ አለፈች፤ ስታልፍ በክርኗ ገፋችው።

ሳጥኑ ተከፈተ።

ሊያው አጨበጨበ። ሴቶቹም ለምን እንደሆነ ሳያውቁ አጨበጨቡ። ወንቢን ግን ራሱን ነቀነቀ። «አባ፣ ጎሽ። ግን የዚህኛው ቃል ይህ ከሆነ የአዳራሹ ሌላ ነበር ማለት ነው። አምታተኸዋል።»

ጂንሹ አልመለሰለትም። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሳጥኑን በጥርጣሬ ያየው ጀመር።

«ይሄ መከፈት አልነበረበትም» አለ።

«ምን?»

«መከፈት አልነበረበትም እኮ ነው የምለው! ተሳስቼ ነበር።»

ወንቢን ሊያውን አየው፤ ሊያው ጫማውን አየ። ሲከፈትለት የሚቆጣ ሰው ምን ይባላል? ሲዩን ብቻ ጆንያው ላይ ቁጢጥ ብላ ጠጋ አለችው። «ምኑን ነው የተሳሳቱት፣ አጎት ጂንሹ?»

«መጨረሻውን። የመጨረሻው ቁጥር ስድስት ነው። ይህቺ ሴት በክርኗ ስትደቁሰኝ ዘጠኝ ነካሁ። ጣቴ ዘጠኝ ላይ እንዳረፈ በዓይኔ አይቻለሁ። ላጠፋው ስል ደግሞ ማስገቢያውን ተጫንኩት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ፣ ስህተቴን አላውቅም?»

ሲዩን ሳጥኑን ዘጋችና «አሁን ሆን ብለው መጨረሻውን ያበላሹት» አለች። አበላሸው። ተከፈተ። «የመጨረሻዎቹን ይተዋቸው።» ተዋቸው። ተከፈተ። «ይቀንሱ… አሁንም ይቀንሱ።» ጂንሹ ከጫፉ እየቆረጠ ሄደ፤ ሳጥኑም እንደ ሞኝ ዘበኛ ለሁሉም በሩን ከፈተ። ስምንት ፊደል ሲቀር ተከፈተ። ሰባት ሲሆን ግን እምቢ አለ።

ሲዩን ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ውይ! ውይ፣ ውይ፣ ውይ!»

«በአማልክት ቤት እንዲህ አይጮኽም» አለች ባውጁ፣ ራሷ ከሁሉ በላይ እየጮኸች። «ምን ተገኘ?»

«የድሮዎቹ ሳጥኖች የሚያነቡት ስምንት ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ቢጽፉላቸው እሺ ብለው ይቀበላሉ፤ ትርፉን ግን ሳይናገሩ ይጥሉታል። እርስዎ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ረጅሙን ቃል ሲጽፉ፣ እነሱ ስምንቱን አይተው ሲከፍቱልዎ ኖሩ። ባለፈው ወር የእኛ ሰው መጥቶ የሁለቱን ሶፍትዌር አደሰው። አዲሱ ቃሉን እስከ መጨረሻው ነው የሚያነበው። ውስጡ ተቀምጦ ያገኘው ግን ስምንት ፊደል ነው። ስለዚህ እርስዎ ትክክለኛውን ሲነግሩት ይህ ረዘመብኝ፣ አላውቀውም ይላል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አጎት ጂንሹ፣ እርስዎ አንድም ነገር አልረሱም። የረሳው ሳጥኑ ነው።»

ጂንሹ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ከጠዋት ጀምሮ ደረቱ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ተነሥቶ ሲሄድ ተሰማው፤ አለቀሰ ለማለት የሚያስችል ነገር ባይሆንም መነጽሩን ሁለት ጊዜ ጠረገ።

«እንሂዳ!» አለ ሊያው። «ምን ትጠብቃላችሁ?»

ወደ አዳራሹ ሲሄዱ ባውጁም ማማሰያዋን እንደያዘች ተከተለች፤ ኑድሉን ለማን እንደተወችው ማዙ ትወቅ። የተቆለፈው ሳጥን ተፈትቶ ነበር። ጂንሹ ስምንቱን ፊደል ለቀመና ጣቱን አነሣ። ሳጥኑ ያለ ምንም ማቅማማት ተከፈተ።

ማጨብጨቡ ሳያባራ ግን ሳጥኑ ሌላ ጣጣ አመጣ። ሲዩን ማያውን አነበበች። «ቃሉ ዛሬውኑ ይቀየር ይላል። በአዲሱ ሕግ ቢያንስ አሥራ ሁለት መሆን አለበት፤ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና አንድ ምልክት ይፈልጋል። ከእኔ ደግሞ አንድ ምክር፤ ከእርስዎ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ይኑር።»

«እኔ ልወቀዋ» አለ ወንቢን ቀስ ብሎ። ውርርዱን ማንም አላነሣበትም፤ ጂንሹም እንኳ፣ ምላሱ ቢበላውም። «ግን አባ፣ ስምንቱ ፊደል ምን ነበር?»

ጂንሹ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያ የባሕር ዳርቻ በእሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ሚስታቸውን በስም አይጠሩም። «አንቺ» ይላሉ፤ ከሰው ፊት «የልጁ እናት» ይላሉ። ጂንሹም አርባ ዓመት አብሯት ሲኖር፣ ከሞተች በኋላም ባሉት ዓመታት፣ ያን ስም ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። በጣቱ ብቻ ነው የሚጠራው፤ ሳጥን በከፈተ ቁጥር።

«ዩዌቺያው» አለ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልክ ስምንት ፊደል ነው።

ባውጁ ማማሰያዋን ወደ ደረቷ አስጠጋች። እሷና ዩዌቺያው በዚያ ማእድ ቤት ጎን ለጎን ቆመው ስንት በዓል አብስለዋል። ሊያው ከጣሪያው ላይ አንዳች የሚመረምረው ነገር አገኘ።

ወንቢን የእናቱን ስም በአባቱ ድምፅ ሲሰማ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። «እና ሳጥኖቹ…» አለ፣ «ይህን ሁሉ ዓመት ሌላውን ጥለው እማዬን ብቻ ነው ያስቀሩት?»

«እሷን ብቻ።»

«የተጣለውስ ምን ነበር?»

«የተወለድክበት ቀን» አለ ጂንሹ። «ዓመቱ፣ ወሩ፣ መጨረሻው ስድስት።»

ባውጁ ሳቋን መያዝ አቃታት። «ይኸው! ታይፔ ስትቀመጥ ሳጥኑም ቆረጠህ!»

«አሥራ አንድ ዓመት ውጭ አሳደረኝ ማለት ነው?» አለ ወንቢን። እየሳቀ ነበር፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

«እኔ በከፈትኩ ቁጥር አስገባህ ነበር» አለ አባቱ። «የሚያስቀርህ ጠፍቶ ነው እንጂ።»

ወንቢን የአባቱን ክንድ ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው፤ በዚያ ቤተሰብ ይህ እንደ መተቃቀፍ ነው።

አዲሱን ቃል አባትና ልጅ ጥግ ይዘው በሹክሹክታ ሠሩት። የስሟ መጀመሪያ ትልቅ ፊደል ሆነ፣ መሐል አንድ ምልክት ገባ፣ ከዚያ የልጁ ቀን። ሳጥኑ ያለ ጭቅጭቅ ተቀበለው፤ ማዙም በመጀመሪያው ውርወራ እሺ አለች። የአዳራሹንና የማማውን ወንቢን ራሱ በአሥር ጣቱ ጻፈ። አባቱ ከጀርባው ቆሞ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ይለው ነበር፤ እሱ ግን አንድም ፊደል አልሳተም። አዲሱ ካሜራም በራ፤ ሊያው ፀጉሩን አስተካክሎ ፊቱ ሄዶ ቆመ።

የማእድ ቤቱ ቀረ። ወንቢን ጆንያው ላይ ተቀምጦ አዲሱን ቃል ሲያስገባ አሮጌው ሳጥን አኮረፈ። ምልክት አልወድም አለ። ቢለምኑትም አልወድም አለ።

«ይኸኛው ጊዜው አልፏል» አለች ሲዩን፣ ባውጁ በግድ ያስያዘቻትን የቀርከሃ ቡቃያ ሾርባ እየጠጣች። «ከውጭ መስመር ጋር በቀጥታ ስላልተገናኘ ከቤተ መቅደሱ ውስጥ ካለ ሰው በቀር የሚነካው የለም፤ ቢሆንም ከበዓሉ በኋላ አንሥቼ አዲስ ልስቀልበት? ጽዱ፣ ቀልጣፋ፣ ሕጉም ከሌሎቹ ጋር አንድ ይሆናል።»

«ተዪው፣ ተዪው» አለ ወንቢን በችኮላ። «ምን አጠፋ? ሥራውን እየሠራ ነው። የሚያውቀውን በደንብ ያውቃል። እንዲህ ያለ አሮጌ ነገር እኮ የሚበላሸው ከለመደው ቦታ ሲያነሡት…»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ሽንኩርት የሚከትፉት ሴቶች ቢላቸውን አቁመው ያዩታል። ባውጁ አፏን በሽርጧ ይዛለች። የወንቢን ጆሮ ከጫፉ ጀምሮ ቀላ።

«ምን አልክ?» አለ ጂንሹ፣ በደንብ ሰምቶ ሳለ። «ጭሱ አላሰማኝም።»

ወንቢን በአሮጌው ሳጥን ላይ የረጋውን ጥቀርሻ በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አደረገ።

«ካለበት አይነሣ አልኩ፣ አባ» አለ። «እኔ እየመጣሁ አየዋለሁ።»